ግመል ነከሰኝ ያልኩበት ቀን

የልጅ ልጄ ፍሬ ቆቦ ቤት ተከራይታ ትማራለች። ባለፈው በዓል መጥታ፣ ምሳ በልተን በረንዳው ላይ ጋደም እንዳልኩ ከፊቴ ተገተረች።

«አባባ፣ እስቲ እጄን ያዝ» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ያዝ ብቻ።»

ያዝኩ። በአውራ ጣቴ በኩል ጠምዘዝ አድርጋ መነጨቀችኝ፤ አስለቀቀችኝ። እናቷ ከውስጥ ሳቀች። «አሁን ደግሞ ጠበቅ አርገህ ያዝ» አለች ፍሬ። ጠበቅ አደረግሁ። ጠመዘዘች፣ ጎተተች፣ ላብ በላብ ሆነች፤ አልሆነም። ስድሳ ቢያልፈኝም መዳፌ ገና የገበሬ መዳፍ ነው።

«ይሄኔ ነው እንግዲህ ዓይኑን የምንለው!» ብላ በሁለት ጣቷ ወደ ፊቴ ሰነዘረችና ሳትነካኝ መለሰችው።

ከትምህርት መልስ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሴቶቹ ተሰብስበው ራስን መከላከል ይማራሉ አሉ። አሰልጣኛቸው ደጋግሞ የሚነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ የያዘሽን ሰው ሁለተኛ እንዳይነሳ አድርገሽ ምቺው። ደግ ነው። ከተማ ነው፤ ባለጌውም ሰካራሙም አለ። ሴት ልጅ ይህን ብታውቅ እኔ አልጠላም፤ «በርቺ» አልኳት። ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። እኔም በዕድሜዬ አንድ ቀን ሊገድለኝ የመጣ ሰው ገጥሞኛል። የኔ ጭንቅ ግን የተገላቢጦሽ ነበር፤ ያ ሰው የአፍንጫው ደም እንኳ ሳይፈስ፣ እንደነበረ መነሳት ነበረበት። እንዲህ ያለውን ትግል አዳራሽ ውስጥ ያስተምሩት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ትግል የተማርኩት ከአሸዋና ከከብት ነው።

ሰፈራችን ከጎብዬ ወደ ምሥራቅ ወረድ ብሎ ሜዳው ላይ ነው። ከፊታችን የዞብል ተራራ አለ፣ ከኋላችን ደጋው። ክረምት በደጋው ሲዘንብ ጎርፉ በኛ ወንዝ ይወርዳል፤ መስከረም ሲጠባ ውሃው ይጠፋና እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ ትቶልን ይሄዳል። ማሽላው እሸት ሲይዝ እኛ ጎረምሶቹ ወፍ ከምንጠብቅበት ማማ እየወረድን አሸዋው ላይ እንሰበሰብ ነበር። እሸት ጠብሰን በመዳፋችን እየፈተግን እንበላለን። ጥንቅሽ እንልጣለን፤ ጥንቅሽ የማያውቅ ካለ፣ አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጥ የማሽላ ዘር ነው፣ ልጣጩ ግን ከንፈር ይቆርጣል። ሆድ ሲሞላ ትግል ይመጣል።

ደርቤ የሚባል ልጅ ነበር፤ በሁለት ዓመት ያንሰኛል። ረጅም ነው፣ ክንዱም ረጅም ነው፣ ዱላ ሲይዝ የሚደፍረው አልነበረም። ትግል ስንገጥም ግን እጥለዋለሁ። አሸዋውን ከጠጉሩ እያራገፈ ይነሳና «ድገመኝ!» ይላል። እደግመዋለሁ። አንድም ቀን ጥሎኝ አያውቅም። እንዲያም ሆኖ አብረን እንበላ ነበር፤ ጥንቅሽ ሲቆርጥ ጣፋጩን የታችኛውን አንጓ ለኔ ይሰጠኛል።

አጣጣሉን ያሳየኝ የእናቴ ወንድም ይማም ነው። አጎቴ ይማም ወይፈን ሊኮላሽ ሲል የሚጠራ ሰው ነበር። አጥንት የወለቀበትም ሥጋ የቆረጠውም እሱው ዘንድ ነው የሚሄደው። አጭርና ቀጭን ሰው ነው፤ ያን የሚያህል ወይፈን በገመድና በደረቱ ሲያስተኛው ያየ ሰው አስማት ይለዋል። መጀመሪያ አብሬው የሠራሁ ቀን የወይፈኑን ቀንድ ይዤ ስገፋ፣ እሱም ሲገፋኝ፣ አጎቴ ቆሞ ይስቅብኛል።

«አንተ ሞኝ! በሬ ተገፍቶ ያውቃል?»

«ታዲያ ምን ላርግ?»

«ተደገፈው። አንተ አትታገል፤ ክብደትህ ይታገል። ትንፋሹን ሲያወጣ ያን ጊዜ ትወርድበታለህ። ሲወድቅ ደግሞ አትምታው፣ አትጩህበት። ተኛበት። አንድ ነገር ስታደርግ ካላየህ ፍራቻው ይወጣለታል።»

ይኸው ነው ትምህርቱ። ከዚያ በላይ አልነገረኝም፤ እኔም ከዚያ በላይ አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ። ታላቅ ወንድሜ አራጋው የደርቤን ታላቅ ወንድም ገደለው። ነገሩ ከብት ማሳ ገባ አልገባ ነው፤ ሁለቱም አረቄ ቀምሰው ነበር፣ ሁለቱም ጠመንጃ ይዘው ነበር። አራጋው ቀደመ። በዚያው ዕለት ዞብልን ተሻግሮ አፋር ገባና አራት ዓመት እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ከነደርቤ ቤት ጋር በአንድ ጉድጓድ ውሃ አልቀዳንም፣ በአንድ ገበያ አልዋልንም። እናቴ የልጇን ስም ጮክ ብላ መጥራት ተወች።

ደርግ ወድቆ ሁለተኛው ዓመት ላይ ይመስለኛል፣ የደም ሽማግሌዎቹ፣ በኛ አገር ዘወልድ የምንላቸው፣ ገቡበት። ቄሱም ሼሁም አሉበት። ስንት ወር ተመላልሰው በመጨረሻ እርቁ ተቆረጠ። ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ሁለቱ ወገን ከአንድ ገበታ ይበላል፤ አራጋውም የዚያን ዕለት ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ ግን እኛ የገዳይ ወገን ነንና በመሐላ ታሰርን። ወንዶቻችን ለሥራ ካልሆነ ብረት አይነኩም፤ ጠመንጃም ጩቤም። ጠመንጃችን በሽማግሌዎቹ ፈቃድ የአክስቴ ልጅ አበበ ቤት ተቀመጠ፤ እሱ በአባቱ የሌላ ወገን ነው። መንገድ ላይ የሟችን ወገን ካየን ደግሞ ከመንገድ ወርደን፣ ጀርባችንን ሰጥተን፣ አልፈው እስኪሄዱ እንቆማለን። ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ደም ጠብ ካደረገ እርቁ ፈረሰ። አራጋው እንደወጣ ይቀራል፤ ወይ ሲመጣ ይገደላል።

የደርቤ እናት በሰው ሁሉ ፊት መስቀሉን ይዘው ማሉ። «እኔ ከደርቤ ሌላ ወንድ ልጅ የለኝም» አሉ። «አንዱን አፈር ሰጠሁ። ሁለተኛውን ለደም አልሰጥም።» ደርቤም ከእሳቸው ቀጥሎ ማለ። ሲምል መሬት መሬቱን ነበር የሚያይ። እኔም አይቼዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹም አይተውታል።

መውረዱን እንግዲህ ወረድኩ። ሰኔ ወረድኩ፣ ሐምሌ በጭቃ ወረድኩ። መንገዳችን ግራና ቀኙ በቁልቋል የታጠረ ነው፤ የምወርደው እሾህ ላይ ነው። የደርቤ እናት ሲመጡ መውረዱ አይከብደኝም ነበር፤ እንዲያውም አንገቴን እደፋለሁ። ደርቤ ሲሆን ነው ጉዱ። ሆን ብሎ ያዘግማል። ከኋላዬ ቆሞ የጫማውን አሸዋ ያራግፋል፣ ይስላል፣ ያዛጋል። እኔ እሾህ ውስጥ ፊቴን ወደ ቁልቋል አዙሬ እቆማለሁ። «አራጋው ገደለ፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» እላለሁ ለራሴ። ግትር ነኝ፤ ልጅ ሆኜም ነኝ፣ አሁንም ነኝ። ሰው አጎንብስ ሲለኝ ወገቤ ዱላ ይሆናል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው። ቀደም ብሎ የደረሰውን ማሽላ ቆርጠን ነበርና፣ የከብት መኖ የሚሆን አገዳ ግመል ላይ ጭኜ ከማሳ ወደ ቤት እየሄድኩ ነው። ፀሐይዋ ወደ ደጋው ዘንበል ብላለች፤ ሙቀቱ በረድ ብሏል፤ አገዳው ገና እርጥብ ነው፣ ጥሩ ይሸታል። ግመሉ ሽማግሌ ግመል ነው፣ ጨዋ፤ ገመዱን ሳትስበው ይከተልሃል። ከቁልቋሉ አጥር ወጥተን የወንዙ አሸዋ ላይ እንደወረድን ደርቤን ከማዶ አየሁት። ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ጩቤውን ታጥቆ ይመጣል። ነጭ ሸሚዝ ነው የለበሰ፤ ከላዩ ኩታ ጣል አድርጓል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። በኋላ ለራሴ «ግመል ጭኜ ወዴት ልወርድ?» ስል ከርሜአለሁ። ሐሰት ነው። አሸዋው ሰፊ ነው፤ ሦስት ግመል ጎን ለጎን ያሳልፋል። ዳር ላይ ግራር አለ፤ ሃያ እርምጃ ብሄድ በቃ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሠሩልኝ አጥር ያ ነበር፤ አጥሩን የደረመስኩት እኔ ነኝ። ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ደርቤ ቆመ። «መንገድ ልቀቅ» አለ።

«አሸዋ ነው፤ በየትም እለፍ።»

«እኔ በየትም አላልፍም። አንተ ነህ የምትለቀው።»

«ዛሬስ አልለቅም» አልኩ። «አምስት ወር እሾህ ውስጥ ቆምኩልህ። አይበቃህም?»

«አምስት ወር?» አለ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ወንድሜ አራት ዓመት አፈር ውስጥ ተኝቷል። እሱስ አይበቃውም?»

ለዚህ ምን መልስ አለው? እኔ ግን መለስኩ። «የገደለው እኔ አይደለሁ!» አልኩና ግመሉን ይዤ አንድ እርምጃ ቀጠልኩ። ያቺ እርምጃ ናት።

ሽመሉ ሲወርድ አየሁት። የዱላ ሞት ጫፉ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ የሸሸ ሰው ጫፉ ያገኘዋል። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሽመሉ በትከሻዬ ላይ አለፈና ሥሩ ብቻ ነካኝ። ደርቤም ያውቀኛል፤ ወገቡን ከያዝኩት እንዳለቀለት ያውቃል፤ ክንዱን ዘርግቶ ሊገፋኝ ሞከረ። አልገፋሁትም። ተደገፍኩት። ሲገፋኝ ኖሮ ትንፋሹን ሲያወጣ ወረድኩበት፤ እግሩን ከኋላ አግኝቼ አሸዋው ላይ አብረን ወደቅን። እንደ ድሮው፣ እሱ ከታች እኔ ከላይ።

እንደ ድሮው ያልሆነው ጩቤው ነው። ስንወድቅ ቀኝ እጁ ወገቡ ላይ ነበረች። ሲመዘው አልታየኝም። ግራ ክንዴ ላይ ከውስጥ በኩል አንድ ቀዝቃዛ ነገር አለፈ። አላመመኝም። ያን ክንዱን በብብቴ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩት፣ ደረቴን ደረቱ ላይ ጣልኩ፣ ራሴን ከራሱ ጎን አሸዋው ውስጥ ቀበርኩ። እጁ ከኋላዬ ጩቤ እንደያዘች ተንጠለጠለች፤ ወደኔ ግን አትታጠፍም። ታገለ። ወይፈን እንደሚታገለው ታገለ፤ ይዘላል፣ ያርፋል፣ ይዘላል። እኔ ተኛሁበት። አልመታሁትም፣ አልተሳደብኩም።

አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። የቆለፍኩትን ክንድ ትንሽ ወደ ላይ ብቀለብሰው ይሰበራል። አውቀዋለሁ፣ ክርኑ ሲንቋቋ ይሰማኛል። «ስብራት ደም አይደለም» አለኝ ልቤ። «መሐላው ደም ነው የሚለው።» ሰው ሲናደድ እንዴት ያለ ጠበቃ ይሆናል! ነገር ግን እናቱ ያን ክንድ ምን አገኘው ብለው አይጠይቁም? ተውኩት።

ደርቤ ድንገት መታገሉን አቆመ።

«ፊቴ ላይ ምንድነው የሚንጠባጠበው?» አለ።

«ደም ነው።»

«የማን?»

«የኔ ነዋ! የማን ይሆናል?»

ደም ጠብ አለ፤ እርቁ እዚያው አሸዋ ላይ ፈሶ ነበር። የሚያውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን።

«ግመሉ ሄደ» አለ ከሥሬ። እሱ ነው ወደዚያ የሚያይ፤ እኔ አሸዋ ነው የማይ።

«ይሂድ።»

«ብቻውን ቤት ከደረሰ አበበ ጠመንጃ ይዞ ይመጣል።»

አበበ ኃይለኛ ነው። «ይመጣል» አልኩ።

«እንዲህ ሆነን ካገኘን ይገድለኛል።»

«ይገድልሃል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ማንኛችንም አልተናገርነውም። የእናቱ ነገር፣ የኔ ወንድም ነገር፣ ከዚያ የአበበ ነገር፣ ከዚያ የልጆቻችን።

«ልቀቀኝ እንግዲያ» አለ።

«ብለቅህ ትወጋኛለህ።»

«አልወጋህም።»

«ማልልኝ።»

«ምን ብዬ ልማልልህ?» አለ። «መስቀል ይዤ ምዬ አይደለም ይሄን ያረግሁት? የኔ መሐላ ምን ያረግልሃል?»

እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ እውነተኛ ነገር ሰው ሥሬ ተኝቶ ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጩቤው አሸዋው ላይ ዱብ ሲል ሰማሁ። እኔ አላልኩትም፤ ራሱ ነው ጣቶቹን የከፈተ። ቀና ብዬ አየሁት፤ ከእጄ አንድ ስንዝር ይርቃል። ላነሳው እችላለሁ። ግን ማንም ባያየኝ መሐላ አለብኝ፤ ብረት አልነካም ብዬአለሁ። ደግሞም አንስቼ ምን ላደርገው?

ለቀቅኩት። ተነሳሁ። ጩቤውን እዚያው ትቼ ወደ ዳር ሄድኩ፤ ሃያ እርምጃ፣ አልፎም እሾሁ ውስጥ ገባሁና ፊቴን ወደ ግራሩ አዙሬ ቆምኩ። በመጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን በመጨረሻ አደረግሁ። ደሜ በጣቴ ይወርዳል። ከኋላዬ ሲነሳ ሰማሁ። አሸዋው ሲረገጥ ሰማሁ፤ ወደኔ ነው። ከዚያ ቆመ። ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም። አንዲት ወፍ ግራሩ ላይ ነበረች፤ ብርር ብላ ሄደች። በኋላ የቆሰለ እጄን ያዘኝ።

«ስጠኝ» አለ። ኩታውን ከጫፉ ቀዶ ጥብቅ አድርጎ አሰረልኝ።

«ምን ልንል ነው?» አለኝ እያሰረ።

ያ ነገር ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ግመሉ ነከሰኝ» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ያ ግመል?»

«ነክሶኝ ነው የሄደ። አንተ ደሜ ሲፈስ አይተህ አሰርክልኝ። ሸሚዝህም በዚያ ነው የተበላሸ።»

አፉ ጥግ ላይ ሳቅ መጣ፤ ያን ሳቅ ካየሁት አራት ዓመቴ ነው። «ግመሉን አውቀዋለሁ» አለ። «ሽማግሌ ነው፣ ጥርስም የለው።»

«ለኔ የሚሆን አለው!»

አበበ ከነጠመንጃው ሲመጣ ጎን ለጎን ተቀምጠን አገኘን። ጠመንጃውን ወደ ደርቤ አነሳ። «ዝቅ አርግ!» ብዬ ጮህኩበት፤ «ሰውየው ባይደርስልኝ ደሜ ፈሶ አልቄ ነበር።» አበበ አንዴ እኔን አንዴ ደርቤን እያየ ቆየ። በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወይ ግመል!» አለ።

አጎቴ ይማም ዘንድ ወሰዱኝ። ሰው ተሰብስቧል። ጨርቁን ፈታና «ቢስሚላሂ» ብሎ ቁስሉን ወደ ብርሃኑ አዞረው። ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ክር።

«ይሄ ግመል» አለ ቀስ ብሎ፣ ለኔ ብቻ፣ «ጥርሱን በድንጋይ ይስላል እንዴ?»

እጄን ልሰበስብ ስል አጥብቆ ያዘው።

«እኔ የማውቃቸው ግመሎች ከላይም ከታችም ነው የሚነክሱት። ያንተው በአንድ ጥርስ ነው።»

«አጎቴ…»

«ዝም በል፤ እጅህን አትነቅንቅ።» ከዚያ ቀና ብሎ ለሕዝቡ ጮክ አለ፤ «ግመል ነው! አላህ አተረፈው! የግመል ንክሻ ክፉ ነው!» ቅቤውን ቀባኝ። እስኪሞት ድረስ ሁለተኛ አላነሳውም።

አባቴ ግመሉን ሸጠው። «ሰው የቀመሰ ግመል ይለምዳል» አለ። ያ ጨዋ ግመል አንገቱን እያወዛወዘ ከአንድ አፋር ጋር ሲሄድ አየሁት፤ አፍ ቢኖረው ይከሰኝ ነበር። እኔም ስም ወጣልኝ፤ «የግመል ትራፊ» ይሉኝ ጀመር። ያን የሚያህል ወይፈን የሚጥል ሰው በገዛ ግመሉ ተነክሶ! ገበያ ላይ ልጃገረዶቹ ያዩኝና «ጥርሱ አረፈብህ ወይ?» ይሉኛል። ለግትር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። አንዳንድ ቀን አፌ ድረስ ይመጣል፤ እውነቱን ልዘርግፈው እላለሁ፤ የአራጋውን ፊት አስባለሁና እውጠዋለሁ።

ማሽላው ተወቃ። የእርቁ ገበታ ቀረበ። አራጋው ከአፋር ከስቶ ጠቁሮ መጣ፤ እናቴ እንደ ሕፃን ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅ አለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቆመው ሲመርቁ፣ «ጠላቱን ቆስሎ አግኝቶ በገዛ ኩታው ያሰረ ልጅ እንዲህ ነው!» ብለው ደርቤን አነሱት። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እበላለሁ። የወጋኝ ሰው ሲመረቅ እኔ የግመል ትራፊ! ደርቤ ግን አልበላም፤ ምርቃቱ እንደ እዳ ከብዶት ላብ አጥምቆት ነበር። ከዚያ ተነስቶ አራጋውን አጎረሰው።

አራጋው ሚስት አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ አልጋው ላይ ሞተ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ደርቤ ነበር።

እኔና ደርቤ የዚያን ቀን ነገር አንስተን አናውቅም። ይህን ልጽፍ ስነሳ ግን ሳልጠይቀው አልሆነልኝም። ሮቢት ከተማ ልጁ ዘንድ ነው አሁን የሚኖር፤ ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት።

«ልጽፈው ነው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ግመሉን።»

ሳቀ፤ ሳሉ እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ «መንገድ አልለቅም ያልከውንም ትጽፈዋለህ?» አለኝ።

«እጽፈዋለሁ።»

«አሸዋው ሰፊ እንደነበርስ?»

«እሱንም።»

«እንግዲያ ጻፈው። የሞቱት ሞተዋል፤ ያሉትም ተጋብተዋል።»

ያን ጊዜ ነው የዘመን ጥያቄዬን የጠየቅሁት። «ጀርባዬን ስሰጥህ፣ ከኋላዬ ቆመህ ምን ታደርግ ነበር?»

«ጩቤውን አንስቼ ነበር» አለ።

«ወደ አፎቱ ልትመልሰው ነዋ!»

«አይደለም» አለ። «ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ትከሻህን አየሁት። ትንቀጠቀጥ ነበር።»

«እኔ?»

«አንተ። ብርድ እንደመታው ጥጃ።»

«አልተንቀጠቀጥኩም!»

«ተንቀጥቅጠሃል።»

«ያመመኝ እጄ ይሆናል።»

«እሺ፣ እጅህ ይሁን» አለ። «ስትጥለኝ ነው የኖርከው። ሰው ሆነህ የምትፈራ አይመስለኝም ነበር። ስትፈራ ሳይህ መውጋቱ አቃተኝ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ሜዳውን እያየሁ ይህን ሳላምጠው መጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያዳነኝ ክንዴ ነው እል ነበር፤ አጎቴ ይማም ነው፣ አሸዋው ነው፣ ድፍረቴ ነው። ክንዴ መሬት ላይ አቆይቶኛል፤ እሱን አልክድም፤ ፍሬም ክንዷን ታጠንክር። ግን ከተነሳሁ በኋላ ክንዴ ምንም አልሠራም። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሠራው፣ እኔ ራሴ አላውቀውም የነበረ ፍርሃቴ ነው። የገዛ ጀርባ ለባለቤቱ አይታይም፤ ያየው እሱ ነው።

እኔ እስካሁን አልተንቀጠቀጥኩም ነው የምለው። ደርቤ ደግሞ አብረን ከዋሸናት ከአንዷ በቀር ዋሽቶኝ አያውቅም።